የስሜን ስንቅ

በአዱሊስ ወደብ በቆመ የድንጋይ ዙፋን ላይ፣ ስሙ ከጽሑፉ የጠፋ አንድ የአክሱም ንጉሥ የዘመተባቸውን አገሮች በግሪክኛ አስቀርጾ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ወደ ሒምያር ሊዘምቱ ሲሰናዱ፣ የዚያ ጽሑፍ ግልባጭ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ሹም አዘዙ። ሹሙም ሥራውን በወደቡ ለነበሩ ሁለት ሰዎች ሰጠ፤ አንደኛው ኋላ መጽሐፍ ጽፎ ስሙ የቀረው ነጋዴው ኮስማስ ነው። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ቃሉ ግን በኮስማስ መጽሐፍ ውስጥ ተርፏል። ከተሸነፉት ሕዝቦች መካከል ከወንዝ ማዶ የሚኖሩ የስሜን ሰዎች ይገኛሉ። አጥኚዎች ወንዙን ተከዜ ነው ይሉታል። ተራራው ለመውጣት ያስቸግራል፤ ብርድና በረዶ አይለየውም፤ የሰው እግር እስከ ጉልበቱ አመዳይ ውስጥ ይሰጥማል። ንጉሡ ድሉን ሲቆጥር ብርዱንም አብሮ ቆጥሯል።

ስለ ስሜን ጉዞ የተጻፈ ከዚህ የቀደመ ነገር አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ተራራ የወጣው ሁሉ፣ ዘማችም ይሁን መናኝ፣ ነጋዴም ይሁን ድንኳን የያዘ ጎብኚ፣ ከመነሳቱ በፊት አራት ነገር መጠየቅ ነበረበት፤ መቼ ይወጣል? በማን ፈቃድ? ዕቃውን ማን ይሸከምለታል? ምን ይበላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኝበት ቦታ ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠራ መጥቶ በመጨረሻ ደባርቅ ላይ ረጋ።

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ የወገራን ደጋ እያቋረጠ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት ያልፋል፤ ዳባት ሲደረስ ሦስት አራተኛው ተጉዟል ማለት ነው። ደባርቅ ስትገባ ምድር ሁለት አማራጭ ትሰጣለች። በሰሜን በኩል ሊማሊሞ ገደል ሆኖ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ደጋው እየከፋ፣ እየቀዘቀዘ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ራስ ደጀን ይወጣል። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ከቆላ ለመጣ ሰው እሷም ብርድ ናት።

የስሜን ስምም የራሱ ጉዞ አለው። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳስረዱት፣ በጥንቱ ግእዝ «ሰሜን» ማለት የዛሬው ደቡብ ነበር፤ አክሱም ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ተራራው በስተደቡብ ይገኛልና። የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ እየወረደ ሲሄድ ተራራው ባለበት ቀረ፤ የተዟዟረው ተመልካቹ ነው። በላስታ፣ በሸዋና በጎንደር ለተቀመጠ ሰው ያው ተራራ በሌላ አቅጣጫ ታየ፤ ቃሉም ትርጉሙን ገልብጦ አብሮ ዞረ።

ስለ አየሩ የውጭ አገር ተጓዦች ብዙ ተከራክረዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የኢየሱሳውያን ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ በስሜን አመዳይ መኖሩን ጽፎ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ተራራ ላይ አላየሁም አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከትግራይ በኩል ሆኖ ተራራውን በዓይኑ ነጭ ለብሶ አየውና፣ ብሩስ እንዴት ሳያየው እንደቀረ ግራ ገባው። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት፤ የስሜን አመዳይ ሌሊት ወርዶ ፀሐይ ሲሞቅ ሊጠፋ ይችላል፤ ሳምንት ቆይቶ ሌላ ተጓዥ የሚጠብቅ አይደለም። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ክርክሩ ውስጥ መግባት አላስፈለገውም። ከሰማይ እየደበደበ ለሚወርደው በረዶ፣ ምድሩን አልብሶ ለሚያድረው አመዳይ፣ አጥንት ሰርስሮ ለሚገባው ቅዝቃዜ ውርጭ የሚሉ ሦስት ቃላት ነበሩት። የመጨረሻው ቃል የአየር ጠባይ ብቻ ሳይሆን የአገር ስምም ነው፤ ከደጋ በላይ ያለው፣ ከገብስ በቀር ብዙ የማያበቅለው ምድር ውርጭ ይባላል።

ወቅትን መምረጥም ከዚህ ይጀምራል። ክረምት ሲገባ ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል፤ ተከዜ ይሞላል፤ ከምጽዋና ከአድዋ የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት ወንዙ እስኪጎድል ይቆማል። ስለዚህ የቀድሞው ነጋዴ የመንገድ ወራት ከመስቀል በኋላ ይከፈቱ ነበር። ብሩስ ከምጽዋ የተነሳው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1769 ሲሆን፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው። የዛሬው ጎብኚ የሚመርጠውም ይህንኑ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ነው። ሰማዩ የጠራበት ይህ በጋ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ቀኑ እንደ ሞቀ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ደመና የሌለበት ሰማይ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት አይይዝም፤ ተራራው ላይ፣ በጊችና በጨነቅ ማደሪያዎች ያደረ ሰው ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጩ ደርቆ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የፈቃድ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ወደ ስሜን ፈቃድ ጠይቆ የሄደው በጣም የታወቀው ሰው ቅዱስ ያሬድ ነው። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጠው በጦራቸው እግሩን ወጉት፤ ወጊውም ተወጊውም ሳያውቁት ዜማው አለቀ። ንጉሡ ደሙን አይተው ደነገጡና የፈለግኸውን ጠይቀኝ አሉት። ያሬድም መልሶ የጠየቀው እንዲያሰናብቱት ነው። ንጉሡ ቃላቸው ያዛቸው፤ እሱም አክሱምን ለቆ ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ፤ በዚያም ተሰወረ ይባላል። ሹመትም ሀብትም መጠየቅ ሲችል ብርድና ዝምታ ያለበትን አገር መምረጡ፣ ስሜን በትውፊቱ ዘንድ የዓለም ዳርቻ ሆኖ ይታይ እንደነበር ያሳያል።

ለነጋዴው ፈቃድ ማለት ኬላ ነበር። ከጎንደር ወደ ባሕሩ የሚወርደው የቅፍለት መንገድ ሊማሊሞ ላይ መተላለፊያው አንድ ስለሆነ ቀረጥ ለመሰብሰብ የተመቸ ነበር። ገደሉ ራሱ አጥር ነው፤ በጎን የሚያመልጥ የለም። ብሩስም እዚህ ሲደርስ ከኬላው ሰዎች ጋር መነጋገር ነበረበት። የጫነው የኮከብ መለኪያ ኳድራንትና ቴሌስኮፕ አሞሌ ወይም የዝሆን ጥርስ ለመቁጠር ለለመደ ቀራጭ እንግዳ ዕቃ ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የፈቃዱ ባለቤት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሆኑ። ስሜንንና ትግራይን አንድ ላይ ይገዙ ስለነበር፣ ከምጽዋ ለሚመጣ እንግዳ በሩም ተራራውም በእጃቸው ነበር። ፈረንሳውያኑ መኮንኖች ፌሬና ጋሊንዬ እ.ኤ.አ. በ1841 ራስ ደጀን ጫፍ የደረሱት በእሳቸው ዘመን ነው፤ ከአውሮፓውያን በጽሑፍ የታወቀው የመጀመሪያው መውጣት የእነሱ ነው። ከእነሱ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1832 የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ስሜን ደርሶ ነበር። ሳይንስ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በላቲን ስማቸው የሚጠራው በእሱ ስያሜ ነው። የአገሩ እረኛ ሦስቱንም ድሮ ያውቃቸዋል፤ «ዋልያ» የሚለውን ስም ሩፔል ራሱ የወሰደው ከእረኛው አንደበት ነው።

ውቤ በደረስጌ ያሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን የራሳቸው ንግሥ እንዲታይበት ታስቦ ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በአቅራቢያው ድል ነሷቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላም በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ተቀቡ። ለሌላ የተሰናዳው ድግስ ለእሳቸው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ፈቃዱ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠቃለለ። እንግሊዛዊው አዳኝ ፓውል ኮተን እ.ኤ.አ. በ1900 ዋልያ ፍለጋ ወደ ስሜን ሲወጣ የዳግማዊ ምኒልክን ፈቃድ ይዞ ነበር። ተራራውን ለአደን የሚመርጥ እንግዳ መምጣት መጀመሩ ለዋልያ መልካም ዜና አልነበረም። ለጠመንጃ ቀላል የሆነ፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚቆም እንስሳ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ይሸከማል የሚለው፣ የደባርቅን ዕጣ የወሰነ ነው። በቅፍለት ዘመን ከምጽዋ የሚመጣ ዕቃ ሊማሊሞን የሚወጣው በአጋሰስና በሰው ትከሻ ነበር። በቅሎ ለዚህ አገር የተሠራች ትመስላለች፤ አህያ የሚያቅተውን ጭነት ትይዛለች፤ ፈረስ የሚፈራውን ገደል አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ እየመረመረች ታልፈዋለች። ወገራም የደጋ ገበያ ነው፤ ገብስና ከብት ያለበት፣ የደከመ አጋሰስ አርፎ ሣር የሚያገኝበት። ከገደሉ የወጣ ነጋዴ የመጀመሪያው እፎይታው እዚህ ነበር።

ጣሊያን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ይህ ሥርዓት ተናወጠ። ወራሪው በያዘው አምስት ዓመት ሊማሊሞ ላይ ገደሉን እየቦረቦረ፣ እየጠመዘዘ የመኪና መንገድ አወጣ፤ የአስመራና የጎንደር መስመር ተገናኘ። ዛሬም ድረስ መንገዱን የሚያይ ሰው፣ የጉልበት ሠራተኛው በምን ገመድ ተንጠልጥሎ እንደቆፈረው ይገርመዋል። በደባርቅ አጠገብ ያለው የወልቀፊት በር ላይ ደግሞ ጣሊያን ምሽግ ሠራ። የቀረው ምሥራቅ አፍሪካ ከእጁ ሲወጣ ወልቀፊት ሳይወድቅ ቆየ። አርበኞች ዙሪያውን ከበቡት፤ የእንግሊዝ ጦርም መጣ፤ በመጨረሻ ግን የምሽጉን በር የከፈተው ስንቅ ማለቁ ነበር። በመስከረም 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል ጎኔላ 3,000 ያህል ወታደር ይዞ እጁን ሰጠ። ጎንደር ራሷ ነፃ የወጣችው ከዚያ ሁለት ወር ቆይታ ነው።

መንገዱ ግን አልሄደም። ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ሊማሊሞን እያጓራ ሲወጣና ሲወርድ፣ የሩቅ ነጋዴ አጋሰሱን ተወ። ከደባርቅ በስተሰሜን ያለው የበቅሎ መንገድ ወደ አካባቢ ገበያ መሄጃነት ዝቅ አለ። በስተምሥራቅ ግን፣ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ፣ ጎማ የማይደርስበት ተራራ ገና ነበር። በቅሎ ወደዚያ ዞረች።

እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ኢትዮጵያ የገባችው አየርላንዳዊት ደርቭላ መርፊ ይህንን ጊዜ ጥሩ አድርጋ ታሳያለች። መቀሌ ላይ ልዕልት አይዳ ደስታ በቅሎ ሰጧት፤ በአሳታሚዋ ስም ጆክ አለችው። ተከዜን ተሻግራ ስሜንን አቋረጠች፤ ራስ ደጀንም ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ጎንደርን አልፋ እስከ አዲስ አበባ በእግሯ ሄደች። መኪና ባለበት አገር በቅሎ መምረጧ ለብዙዎች ያስቅ ነበር። በስሜን ውስጥ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤ ሌላ ምርጫ የለምና።

በዚያው ሰሞን ተራራው አዲስ ባለቤት አገኘ። ዋልያ ሊጠፋ ነው የሚለው ስጋት በ1950ዎቹ ከባለሙያዎች ጉብኝት በኋላ ሰሚ አግኝቶ፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1959 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ በሕግ ተከለለ። ከመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎች አንዱ በዌልስ የተወለደው ክላይቭ ኒኮል ነው። ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ፣ ከአዳኝና ከደን ቆራጭ ጋር ታግሎ፣ ተስፋ ቆርጦ ሄደ፤ ያየውንም በመጽሐፍ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ካስገባቸው 12 ስፍራዎች ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ተራራውን ለጎብኚ ዘጋው። እ.ኤ.አ. በ1996 የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ተደምረው ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው።

መዝገቡ ውስጥ የማይታይ ዋጋ ግን ነበረው። በጊች ሜዳ የሚኖሩት ከ2,000 በላይ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እንዲወርዱ ተደረገ። ጎብኚ ጅባራና ጓሳ ለማየት የሚወጣበትን ሜዳ፣ እነሱ ገብስ የሚያርሱበትንና ከብት የሚያግዱበትን፣ ለቀው የከተማ ነዋሪ ሆኑ።

በፓርኩ ዘመን የቀድሞው የጉዞ ሥርዓት አዲስ ልብስ ለበሰ። ኬላው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ ጎብኚ ደባርቅ ላይ ክፍያውን ከፍሎ ወረቀቱን ይቀበላል። የቅፍለቱ ጠባቂ ስካውት ሆነ፤ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ሳያስከትል ወደ ተራራው የሚወጣ የለም። ነጋድራሱ የሚያውቀውን መንገድ አሁን በማኅበር የተደራጀ አስጎብኚ ያውቀዋል። ባለበቅሎውም ተራውን ጠብቆ ይጫናል። የሩቁ ንግድ ጥሎት የሄደው አጋሰስ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ በመጣ ሰው ድንኳንና የእንቅልፍ ከረጢት እንደገና ሥራ አገኘ።

መንገዱም ለበቅሎዋ ቀላል አይደለም። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ነው፤ ጊች 3,600፤ ጨነቅ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። ራስ ደጀን ድረስ የሚሄድ ከጨነቅ ወደ ቧሂት አፋፍ ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ከዚያ ቦታ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ እንደገና ወደ አምብኳ ወጥቶ ያድራል፤ በማግሥቱ ሌሊት ተነሥቶ 4,550 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ጫፍ ይያያዘዋል። የወጣውን ሁሉ ወርዶ፣ የወረደውን ሁሉ መልሶ ይወጣል። ስለዚህ ደባርቅ ላይ አንድ በቅሎ ወይስ ሁለት በሚለው ላይ የሚደረገው ድርድር የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በጭነቱ ውስጥ የማያስፈልግ ዕቃ መኖሩ የሚታወቀው መሸሃ ላይ ነው።

አራተኛው ጥያቄ፣ ምን ይበላል፣ ከሁሉም ያነሰ ለውጥ ያየ ነው። ስሜን የገብስ አገር ነው፤ በሶም የገብስ ልጅ። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ በውሃና በጨው ይበጠበጣል ወይም ተጨብጦ ይበላል። እሳት አይፈልግም፤ ለወራት አይበላሽም፤ በስልቻ ይገባል፤ ጥቂቱ ብዙ ያቆያል። የአስታ ዛፍ ተቆርጦ እንዳይነድ በተከለከለበት ፓርክ ውስጥ ይህ ጠባዩ ከቀድሞውም ይልቅ ዋጋ አለው። የጎብኚው ምግብ አብሳይ ቡታጋዝ፣ ፓስታ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ደባርቅ ላይ ገዝቶ በቅሎ ላይ ያስጭናል። ከታች የተረሳ ነገር ከላይ አይገኝም።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ከዚያም አከታትሎ የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ይህ ሁሉ ተቋረጠ። ዳባትና ደባርቅ ጎብኚ ሳይሆን ተፈናቃይ የሚቀበሉ ከተሞች ሆኑ። አስጎብኚው፣ አብሳዩና ባለበቅሎው ከጉዞ የሚያገኙት ገቢ ደረቀ፤ በቅሎዋም ወደ ገበያና ወደ ወፍጮ ጭነት ተመለሰች።

ጉዞ ባለበት ጊዜ ግን የመነሻው ጠዋት ሥርዓት አንድ ነው። ባለበቅሎው መጫኛውን በጉልበቱ እየገፋ ያጠብቃል፤ ቀኝና ግራው እስኪመዛዘን ድንኳኑን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያዛውራል። የጎብኚው ዕቃ ተጭኖ ሲያልቅ ስካውቱ ይመጣል። በአንድ ትከሻው ጠመንጃ፣ በሌላው ጋቢ፤ በእጁ ለአራት ሌሊት የሚበቃ በሶ የያዘች ትንሽ ስልቻ። እሷን በቅሎዋ ላይ አያስጭናትም።